እማማ በረንዳ ላይ ያሻከሩት ድንጋይ

ታዴዬ፣ የእኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ፋሲካው አልፎ ሌላ ዊንተር ገባ። ሰፈራችን ክሬሰንት ታውን ያው ነው፤ ሊፍቱ ዛሬም እንደልማዱ ይበላሻል። ቤታችን ግን እንደድሮው አይደለም። ለቅሶህን ሊቀመጡ የመጡት እናትህ ቪዛቸው ተራዝሞ እኔ ጋ ናቸው። ዛሬ የምጽፍልህ አፍሬ ነው። በምን ፊቴ እንደምነግርህ እንጃ።

ሚስተር ኦወንን መቼም አትረሳቸውም። ከኖርዝ ዮርክ አንተ በምትነዳው ባስ ይሳፈሩ የነበሩት፣ ጂኦሎጂ መማርህን ሲሰሙ ከአገራቸው ከዌልስ ያመጡትን የቢላ መሳያ ድንጋይ የሰጡህ ሽማግሌ። አቤት ያን ቀን የተደሰትከው መደሰት! ራቱ ይቀዘቅዛል፣ አንተ ድንጋዩን መብራት ላይ ታገላብጣለህ። ባሕር ሥር የተኛ ጭቃ ነበረ አልከኝ፤ ተራራ ሲነሣ ተጨምቆ ጠነከረ፤ ውስጡ ያሉት ጠጣር ቅንጣቶች ከዱቄት የላሙ ስለሆኑ ብረቱን ሳይጭሩ ይስሉታል። ድንጋዩ ከሚወጣበት ተራራ አናት ላይ ደግሞ ሮማውያን ሳይመጡ በፊት ኬልቶች የሚባሉ የጥንት ሰዎች በድንጋይ አጥር ውስጥ ክብ ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ መሳያ ድንጋያቸው እስከ ዛሬ ከምድጃቸው ጎን ይገኛል አልክ። እኔ፣ ክብ ጎጆማ እኛም አገር ሞልቷል፣ ይልቅ ብላ አልኩህ። ሳቅክብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤቱን ሁሉ ቢላ ስትስል፣ ያንን ድንጋይ ለማንም አታስነካም ነበር።

በቀደም ሚስተር ኦወን ማረፍህን ዘግይተው ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ኬክ ይዘው። ትንሽ ተጫውተን ድንጋዩን አንዴ ልያዘው አሉ። መሳቢያው ውስጥ የለም። ኪችንም የለም። ለካስ ሻወር ቤት ኖሯል! ብርዱና ማሞቂያው የእናትህን ተረከዝ ሰነጣጥቆባቸው፣ የእግር መፋቂያ መስሏቸው ወስደውታል። ለስላሳ ሆኖ አልፍቅ ሲላቸው ደግሞ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አሽተው አሽተው አሻክረውታል። አንዱ ፊቱ እንዳለ ተጫጭሯል። ሳሙናው እንኳን ሳይለቀው አመጣሁት።

ታዴዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እና ምን አደረግኩ መሰለህ? በእንግሊዝኛ፣ አሮጊት ናቸው፣ የገጠር ሰው ናቸው፣ ምንም አያውቁም አልኩና ሳቅኩ። እናትህ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ዓይኔ ወደ እግራቸው ሲሄድ ግን አዩ። እግራቸውን ቀሚሳቸው ሥር ሰበሰቡ። ሚስተር ኦወን አልሳቁም። ምንም አልሆነም፣ ፊቱን ደልድዬ አመጣዋለሁ ብለው ድንጋዩን በመሐረባቸው ጠቀለሉ፤ ሲወጡም የእናትህን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ተሰናበቱ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። በእናትህ ላይ፣ አንተ በሌለህበት፣ በገዛ ቤትህ።

ከዚያ ወዲህ እናትህ ካልሲ አያወልቁም። ቤቱ በማሞቂያ እየጋለ፣ ሲተኙም ጭምር። የልጄ ዕቃ መሆኑን ማን ነገረኝ ብለው አንዴ አለቀሱ፤ ከዚያ በኋላ አላነሡትም። ቅባት ገዛሁ፣ አልነኩትም። ይቅርታ ስላቸው ምን አደረግሽኝ ልጄ ይሉኛል፤ እሱ ደግሞ ይብስብኛል። አንተ ብትኖር ቀልደህ ታስቃቸው ነበር። እኔ አልችልበትም።

ድንጋዩ ትናንት ተመልሶ መጥቷል፤ ሚስተር ኦወን እንደ አዲስ አድርገውታል። እኔ እስካለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ አርከፍክፌ ቢላችንን እስልበታለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ፤ ቃሌ ነው። ዛሬ ግን መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዤ እናትህ ፊት ተንበረከክሁ። እምቢ አሉ። አልተነሣሁም። ብዙ ቆይተው አንዱን ካልሲ አወለቁና እግራቸውን ሰጡኝ። ሌላኛውን አሁንም ቀሚሳቸው ሥር እንደደበቁት ነው።