ካርታ ለለይላ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መምህሩ ስለቀሩ ከክፍል ጓደኛዬ ከሳዳ ጋር ዩኒቨርሲቲው ግቢ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። እሷ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ... ሻይ እንጠጣ የሚል እንኳ የለም።

ስልኳን አውጥታ የለይላን መልእክት አነበበችልኝ። ለይላ የፍልስጤሟ ቤተልሔም ልጅ ናት፣ እንደኛው ተማሪ። ሳዳ እንግሊዝኛ መለማመጃ ግሩፕ ላይ ነው ያገኘቻት። የለይላ የአጎቷ ልጆች ጋዛ ናቸው። ድንኳን ውስጥ ይማራሉ። ትንሿ ደብተር አልቆባት ካርቶን ላይ ነው የምትጽፈው።

"ለምን አንጽፍላቸውም?" አለች ሳዳ።

"እኔና አንቺ?"

"ግቢው በሙሉ። የደብዳቤ ቀን እናድርግ።"

እሺ አልኩ። እኔ እሺ ማለት መቼ ያቅተኛል?

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ዲኑ ቢሮ ገባን። ማመልከቻውን ሁለቴ አነበቡት።

"የአንድ ወገን ጉዳይ እንዳይመስል ነው የምፈራው" አሉ። ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ሁለት ሁለት ሽማግሌ እስከ ማክሰኞ ይፈርም። ከተፈረመ አዳራሹ ለቅዳሜ ሳምንት የኛ ነው።

"በኛ በኩል አባቴ አለ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ አብዱልፈታ አሉ" አለች ሳዳ ስንወጣ። "በናንተ በኩል ደግሞ አባትሽ አሉ።"

አባባ... የእድሩ ሰብሳቢ። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቶም ቴሌቪዥን ላይ የአገር ስም የተሳሳተ ጋዜጠኛ የሚያርም ሰው። ይፈርማል?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አልፈረመም። አልተቆጣም እኮ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ፣ "ዮዲ፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ የገዛ አገርሽ ልጆችስ? ለነሱ አንድ መስመር ጽፈሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አላውቅም። እውነቱን ነዋ!

መጋቢት 7፣ እሁድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ለጎረቤታችን ለእየሩሳሌም ሥራዬ ነገርኳቸው። ቅድስት አገር ተሳልመው ከመጡ ጀምሮ ሰፈሩ "እየሩሳሌም" ነው የሚላቸው። ፊርማ ልለምናቸው ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቤታችን ገቡና አባባ ፊት ተቀመጡ።

"ኃይለመስቀል፣ ቤተልሔም ላይ መጥፋቴን ነግሬህ አላውቅም" አሉ።

ከጓደኞቻቸው ተለይተው፣ ጫማቸው ተበጥሶ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዲት ባለሱቅ አየቻቸው። የአገሩ ሰው ናት፣ ፍልስጤማዊት። በርጩማ አውጥታ አስቀመጠቻቸው፣ እግራቸውን አጠበችላቸው። ከዚያ ሱቋን ዘግታ ጓደኞቻቸውን ፍለጋ አብራቸው ወጣች። ወታደሮች የሚፈትሹበት ቦታ ላይ ሰልፍ ነበር። እዚያም አብራቸው ቆመች፣ እስኪያልፉ ድረስ።

"ስሜን መጥራት አቅቷት ሳራ ነበር የምትለኝ።"

"ክርስቲያን ናት እስላም?" አለ አባባ።

"እኔ እንጃ። የጠየቅኳት ውሃ ነው።"

እማዬ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። እየሩሳሌም ወረቀቱን ተቀብለው ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ። እስክሪብቶውን ወደ አባባ ገፋ አደረጉት።

ፈረመ። "የጠየቅኩሽ ግን አሁንም መልስ ይፈልጋል" አለኝ። ይፈልጋል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ተኩስ አቁሙ ፈርሶ ጋዛ ዛሬ እንደገና ተደበደበች። ለይላ ስልክ አታነሳም። አራቱን ፊርማ ለዲኑ ሰጥተን ወጣን። ደስ ሊለን ይገባ ነበር... ሳዳ እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ለአዳራሹ ያሰፋነውን የፍልስጤም ባንዲራ ልናመጣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር ሄድን። ጋሽ አብዱልፈታ ቀዩን ሦስት ማዕዘን በስተግራ መሆን ሲገባው በስተቀኝ ሰፍተውታል። ሳዳ ልታለቅስ ደረሰች። "ገልብጫት" አሏት። ገለበጥናት። ልክ ሆነች። ይህን ከጀመርን ወዲህ እንደዛሬ የሳቅንበት ቀን የለም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

መጡ! አርባ ሰው ከመጣ ብለን ነበር፣ ወንበር አልበቃ አለ። አንድ ባለባጃጅ ተሳፋሪ አውርዶ በዚያው ገባ። እየሩሳሌም ሥራዬ ነጭ በነጭ ለብሰው ፊት ተቀመጡ።

እኔ ተናጋሪ አልነበርኩም። ሳዳ ገፋችኝ። አባባ የጠየቀኝን ለሁሉም ነገርኳቸው። "እስካሁን መልስ የለኝም" አልኩ።

ያኔ ሄኖክ ተነሳ። ዶርሞቹ አካባቢ ኳስ ሲያንቀረቅብ እንጂ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "እኔ ተፈናቅዬ ነው የተማርኩት" አለ። "ሁለት ዓመት መጠለያ ውስጥ ነበርን። የጻፈልን ሰው አልነበረም። ቢጽፍልን ከየት አገር ነው ብለን አንጠይቅም ነበር።" ቀጥሎም ራሱ ለጋዛ ከሚጻፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ሌላ ጎትቶ አመጣ፣ እኛው አገር መጠለያ ላሉ ተማሪዎች የሚጻፍበት። ሰዉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይሄድ ጀመር። ዓረብኛ የሚችሉት የጋዛዎቹን ይተረጉማሉ።

አባባ በሩ ጋ ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ ገብቶ በሁለቱም ጠረጴዛ ጻፈ። ምን ብሎ? አላሳየኝም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ለይላ መለሰች! የአጎቷ ልጆች በሕይወት አሉ። ድንኳናቸውን ነቅለው ሌላ ቦታ ሄደዋል። የደብዳቤዎቹ ፎቶ ደርሷቸው ትንሿ ሁሉንም ጮክ ብላ አነበበቻቸው። ጥያቄ አላት። ሐረር የት ነው?

ለአባባ ነገርኩት። ወንበሩን ስቦ፣ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ፣ እርሳስ መቅረጽ ጀመረ። ከቤተልሔም ተነስቶ ቀይ ባሕርን፣ ጅቡቲን፣ ድሬዳዋን አልፎ ሐረር ደረሰ። የጀጎልን ግንብና በሮቹን ሳለ። ውስጡ ሲደርስ ግን እርሳሱ ቆመ።

"ዋናውን መንገድ እንጂ ጓዳ ጎድጓዳውን አላውቀውም" አለ። ስልሳ ስድስት ዓመት ሐረር፣ ከግንቡ ማዶ ኖሮ! ግንቡ ውስጥ ላደገችው ለሳዳ ደወልኩላት። "ለኢድ ይምጡ፣ እኔ አዞራቸዋለሁ" አለች።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

የኢድ ማግስት። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ በኤረር በር ወደ ግንቡ ውስጥ ገባን። ሳዳ ከፊት ትመራለች፣ እሱ በየመታጠፊያው ቆሞ ይስላል። "ቀስ በይ ልጄ፣ ይቺኛዋ ወዴት ነው የምታወጣው?" ሦስት ቦታ ጠፋን፤ ሳዳ አልጠፋንም ብላ ድርቅ አለች።

የሳዳ ቤት በር ላይ ጫማ አወለቅን። የአባባ ካልሲ ቀዳዳ ነበረበት... እኔ መሬት ትዋጠኝ አልኩ፣ እሱ ልብም አላለው። የሳዳ አባት እጁን ይዘው ከፍ ያለው መደብ ላይ ከጎናቸው አስቀመጡት። እናቷ ትሪ ይዘው መጡ።

"ጾም ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ዘይት ብቻ ነው የነካው፣ ወላሂ።"

አባባ በላ። ደግሞ በላ። ካርታው ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ፣ የሳዳ አባት በጣታቸው መንገድ ያርሙለታል። ማንም ሲያርመው አይቼ አላውቅም።

"ይኸው፣ እዚህ ጋ ምልክት አድርጉላት" አሉ የሳዳ እናት። "ለይላ ኢንሻአላህ ስትመጣ የምታርፈው እዚህ ነው።"

"አይሆንም" አለ አባባ። "የምታርፈው እኛ ዘንድ ነው። እየሩሳሌም ሥራዬ ጎረቤታችን ናቸው፣ ያገሯን ወሬ ያጫውቷታል።"

"ኃይለመስቀል፣ አሁን ቤቴ ተቀምጠህ እንግዳዬን ትወስዳለህ?" አሉ የሳዳ አባት።

ተከራከሩ። ምሳው አልቆ፣ ሳህኑ ተነስቶ፣ ገና ይከራከራሉ። በመጨረሻ አባባ እርሳሱን አነሳና ሁለት ምልክት አደረገ፤ አንዱን ከግንቡ ውስጥ፣ አንዱን ከግንቡ ውጪ።