ግሩምበር የሚለው ሰሌዳ

ሴፕቴምበር 4
ቀኑን ሙሉ ድንች ስንለቅም ዋልን። ወገቤ የለም።
ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር ያለችውን መሸጫ ጎጆ አየሁ። አባባ በእጁ ጽፎ የሰቀለው «ግሩምበር»፣ በእኛ የመንደር ጀርመንኛ ድንች፣ የሚለው ሰሌዳ ወርዷል። በምትኩ ከተሜው ድንችን የሚጠራበት «ካርቶፈል»... በማሽን የታተመ። የወንድሜ የፎልከር ሥራ።
«ከተሜዎቹ የእኛ አነጋገር አይገባቸውም፣ እህቴ» አለኝ። ድንቹ ያው ድንች። ታዲያ ለምን ተናደድኩ?

ሴፕቴምበር 5
አባባ እርሻ አልወረደም። «ካርቶፈል የተከለው ሰውዬ መጥቶ ይልቀም» አለ።

ሴፕቴምበር 9
በንዴት መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። «ካርቶፈል» የመጣው ጣሊያኖች ከመሬት ቆፍረው ከሚያወጡት እንጉዳይ ስም ነው። የእኛው ግሩምበር «የመሬት ፒር» ማለት ነው፣ ፒር ያ ፖም የሚመስለው ፍሬ። በባየርን ክልል ደግሞ «ኤርድአፕፍል»፣ የመሬት ፖም። ድንች ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው... ሁሉም በየፊናው በሚያውቀው ነገር ጠራው።
ለፎልከር ነገርኩት። ሳቀ። «ታዲያ አባባ ያኮረፈኝ ለፒር ነው?»
በማንኪያ ልመታው ምንም አልቀረኝ።

ሴፕቴምበር 14
አንዲት የከተማ ሴት የተጣለውን ሰሌዳ ጎተራው ጥግ አየችው። «እንዴት ያምራል። ይሸጣል?» ፎቶ አነሳችው። የፎልከር ዓይን በራ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፣ ገበያ ሲሸተው ነው።

ሴፕቴምበር 20
«ግሩምበር» ተመለሰ። ግን እንዴት... ዙሪያውን አበባ፣ መሐሉ ላይ የአባባ ፊት፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ እንደ ልጆች ሥዕል። ድንቹ በሚሸጥበት ከረጢት ላይም እንዲሁ።
«መለስኩልህ እኮ፣ አባባ። ደስ አይልህም?» አለ ፎልከር።
አባባ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እርሻው ሄደ። ቢሳደብ ይሻል ነበር።

ሴፕቴምበር 27
የለቀማው መጨረሻ። እንደ ልማዳችን የደረቀውን የድንች ቅጠል አነደድን፣ ረመጡ ውስጥ ድንች ቀበርን። የመጀመሪያውን የሚያወጣው ሁሌም አባባ ነው። ለፎልከር ይሰጠዋል፣ «እንካ የኔ ልጅ፣ ግሩምበርህን» እያለ። ፎልከር ጢም ካወጣ በኋላም፣ ካገባ በኋላም።
ዛሬም ፎልከር እጁን ዘረጋ።
አባባ ድንቹን ቀስ ብሎ ላጠ። ቀና አለ። ከዚያ እንደ ዜና አንባቢ በጠራ ጀርመንኛ፣ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፦
«ይቅርታ ጌታዬ፣ ካርቶፈል ፈልገው ነው? መሸጫው መንገድ ዳር ነው።»
የፎልከር እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ጨው ይዤ ቆሜያለሁ... ለማን ላቀብል?