ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ የተናገርሽው

ውድ የወጣቶች ተወካያችን፣

በስምሽ እንዳልጠራሽ በምን አፌ? እኔ የምክር ቤቱ አዳራሽ የድምፅ ሠራተኛ ነኝ፤ ከኋላ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የምቀመጠው ሰውዬ። ሁሉም "ድምፁ" ነው የሚለኝ፤ "ጋሼ" ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አድራሻሽን ከትምህርት ቤታችሁ ጸሐፊ ለምኜ ነው ያገኘሁት። አክስትሽ ጋ እንደሄድሽና ከሰው ጋር ማውራት እንደተውሽ ነገረችኝ።

ስብሰባ ባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድመሽ ትመጪ ነበር። ያቺ የማትለይሽ ጓደኛሽ ቦርሳሽን ታቅፋ የሕዝብ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ አንቺ ወደ ማይኩ ጎንበስ ትይና "ጋሼ፣ ይሰማል?" ትያለሽ። እኔም አውራ ጣቴን አነሳልሻለሁ። አዛውንቶቹ አባላት ማይካቸው ይከፈት አይከፈት ግድ ሳይሰጣቸው አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ አንቺ ለሦስት ደቂቃሽ ያን ያህል ትጠነቀቂ ነበር። በሆዴ እስቅብሽ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ፣ የሚናገረውን ሰው ማይክ ቀስ አድርጌ እዘጋለሁ። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘኝ የለም። ሥራ ስጀምር ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በክርኑ ጎሰም አድርጎ አሳየኝ፤ በዚያው ለመድኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያ መነጽር ለአዛውንት ሲወልቅ አላየሁም። የሚወልቀው ለእናንተ ለልጆቹ ነው።

የዚያን ቀን አጀንዳው የእናንተው ጉዳይ ነበር። ክፍል ጠቧል ተብሎ ለሙከራ አሮጌው መጋዘን ውስጥ አንድ ወር ተምራችኋል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በቋሚነት ሊያጸድቀው ነው። ሰብሳቢው "የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ፤ እስቲ እንስማት" ሲል ሰዉ ሳቀ። አንቺም ለአክብሮት ፈገግ አልሽ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ "የኋላው ግድግዳ" ብለሽ ስትጀምሪ መነጽሩ ወለቀ። እጄም ወረደ።

ድምፅሽ ከአዳራሹ ጠፋ። አፍሽ ግን ይንቀሳቀሳል። ሰዉ እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ፤ ሰብሳቢው በራሱ ማይክ "እናመሰግናለን" ይላል። አንቺ ማይኩን በጣትሽ መታ መታ አደረግሽና ወደ እኔ ዞርሽ። እኔ ሁለት እጄን ዘረጋሁልሽ፤ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ነው እንደማለት። ሲያልቅ መስታወቱ ጋ መጥተሽ "ምንም አይደል ጋሼ፣ የማሽን ነገር ነው" አልሽኝ። አጽናናሽኝ።

ማይክ ስዘጋ የሚጠፋው ከአዳራሹ ነው እንጂ ከእኔ ጆሮ ማዳመጫ አይደለም። መቅረጫውም ሁሉንም ይይዛል። ስለዚህ የቀረውን ንግግርሽን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ነበር ያልሽው፦ "ባለፈው ሳምንት ስንጥቁ የሚያስገባው እስክሪብቶ ነበር። ዛሬ እጄን አስገባሁበት። ልጆች ነን፣ ተሳስተን ይሆናል። አንድ ባለሙያ ልካችሁ አስመርምሩት። የምትወስኑት ስለ እኛ ነው፤ ከግድግዳው ሥር የምንቀመጠው እኛ ነን።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ምክር ቤቱ መጋዘኑን አጸደቀ፤ ከስብሰባው በኋላ በሰባተኛው ሳምንት ግድግዳው ወደቀ። ከሥሩ የቀረችው ጓደኛሽ ናት።

ከዚያ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ባደረግኩ ቁጥር፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ ወንበሮቹ ገና ሳይነኩ፣ ድምፅሽ "ጋሼ፣ ይሰማል?" ይለኛል። ገመዱን ቀየርኩ። የአንቺን ማይክ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እሱም አልበቃም። በመጨረሻ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ መረመረኝና "ጆሮህስ ደህና ነው" አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

እዚያው አዳራሽ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ስትቀርቢም ነበርኩ። "አደጋውን ካወቃችሁ ለምን ለምክር ቤቱ አልተናገራችሁም?" ሲሉሽ "ተናግሬያለሁ" አልሽ። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፦ "የወጣቶች ተወካይ አስተያየት ሰጥተው አመስግነዋል።" የጓደኛሽ እናት ከፊት ወንበር ተነሱና "ምነው ልጄ፣ ያኔ ብትናገሪላት" አሉሽ። አንቺ ወደ መስታወቱ ተመለከትሽ። እኔ ገመድ እንደሚያስተካክል ሰው ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ቀና ስል ወንበርሽ ባዶ ነበር።

ትናንት የንግግርሽን ቅጂ ይዤ እናትየው ቤት ሄድኩ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ቆመው ሰሙት። "ይድገሙት" አሉኝ፤ ደገምኩት። "ልጅቷ ተናግራለች ለካ" አሉ። ከዚያም፣ እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" ሲሉኝ የነበሩት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝና፣

"አንተስ? የዚያን ቀን ሰምተህ ነበር?"

"ሰምቼ ነበር" አልኳቸው።

ሄደው በሩን ከፈቱልኝ። ደጃፉን ስሻገር "ልጅቷ የት ነው ያለችው?" አሉኝ፤ አድራሻሽን ሰጠኋቸው። ይመጡብሽ ይሆናል፤ እንዳትደነግጪ።

ሌላውን ቅጂ ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው አስፈርሜ አስረክቤያለሁ። የመነጽሩንም፣ የእጄንም ነገር ጽፌ አያይዤበታለሁ። ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም፤ አሁን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። ይቅር በዪኝም አልልሽም፤ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። ማይክሽን ግን ከመሳቢያው አውጥቼ ቦታው መልሼዋለሁ።

ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠይቂኝ አውራ ጣቴን ከማንሳት በቀር በአፌ መልሼልሽ አላውቅም። አዎ ልጄ፣ ይሰማል። የዚያን ቀንም ይሰማ ነበር።

የሰማሁሽ፣
ጋሼ