ጁን ስድስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ቦራም ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ የአያቶችሽ መንፈስ ባሕር ማዶም አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። የጎመን ኮምጣጤ ኪምቺ ልኬልሻለሁ። ቁርስ ሳትበዪ ሥራ ትሄጃለሽ አሉ፣ ተይ።

ትናንት፣ ጁን ስድስት፣ ለአገር የሞቱት የሚታሰቡበት ቀን ነበር። ወንድምሽን ቴሶፕን ባሕር ኃይል ሳለ ባሕር ከበላው ስምንት ዓመት ሆነው። ጠዋት ባንዲራውን ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩ። ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች እንደ ሠርግ ቤት እስከ ጫፍ ሰቅለውታል፤ የቀሩት ጭራሽ ረስተዋል። በማርች ለባሕር ኃይሎቹ፣ በኦክቶበር ለሠራዊቱ፣ ቀን እንደሆነ ሞልቶናል፤ የጠፋው የሚቆም ሰው ነው።

አራት ሰዓት ላይ ለሙታኑ አንድ ደቂቃ ቆመን እንድናስብ ሳይረኑ ሲጮህ ዓሣዬን ትቼ ቆምኩ። ገበያተኛው ይተራመሳል። አንዲት ደንበኛ፣ "እማማ፣ የአየር ጥቃት ልምምድ እኮ ነው! ይልቅ ዓሣውን ይመዝኑልኝ" አለችኝ።

"ልምምድ አይደለም፤ የሙታን መታሰቢያ ነው።"

"ውይ፣ ዛሬ ነው እንዴ? እኔ ሥራ እንደሌለ ብቻ ነው የማውቀው።"

እርግማን አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ለምን መሰለሽ? ቴሶፕ ሦስተኛ ክፍል እያለ፣ ልክ በዚህ ቀን ሳይረኑ ሲጮህ፣ አስተማሪው እንዳዘዘችው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ግን፣ "አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው፣ ማን ሞቶብህ ነው!" ብዬ በጆሮው ጎተትኩት።

ለከርሞ በዚያ ቀን፣ በእኛ አራት ሰዓት፣ ካለሽበት ቁሚልኝ። ያቋረጥኩበትን ደቂቃ አንቺ ጨርሺለት። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ልጄ።

እናትሽ፣ ከሞክፖ