ለሁሉም «አዎ» ስላሉት አዛውንት ጃንጋላ

ለተከበሩ የተዘዋዋሪ ችሎት ዳኛ፣ በሰማይ መጥተው፣ ምሳ ሳይደርስ ፈርደው፣ በሰማይ ለሚመለሱት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? አውሮፕላንዎ በሰላም አረፈች? ያ የአዳራሻችን የፕላስቲክ ወንበርስ ወገብዎን አልጎዳውም? እኛ በበረሃችን፣ ከዝንቡ በቀር፣ ደህና ነን። ይህን በአደባባይ መጻፌ ምስጋናዬን አገር እንዲሰማልኝ ብዬ ነው።

፩ኛ. ዊልበር ጃንጋላ ሌባ መሆናቸውን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የዚህ በረሃ ነባር ሕዝብ በሆንነው በዋርልፒሪዎች ዘንድ ደግሞ የአባት ወንድም አባት ነው። እኛ የምናውቀው፣ ከዝናቡ ማግስት የአዲሱ ፖሊሳችን መኪና ወንዙ ውስጥ ጭቃ ይዟት እርሱ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ መሄዱን፣ አባቴም ሲያልፉ አይተው «ውይ ይሄ ልጅ! ጎርፉ ቢመጣ መኪናው ሊወሰድበት እኮ ነው!» ብለው፣ በአሮጌ ፒክአፓቸው ጎትተው ጣቢያው በር ላይ ማቆማቸውን ብቻ ነበር። ጭቃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግብረ አበር ተብዬ አለመከሰሴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

፪ኛ. ስለ ፍርድዎ ፍጥነት። አባቴ የሚያውቋት እንግሊዝኛ ከብት ለመንዳት የምትበቃ ናት። በእኛ ወግ ደግሞ ባለሥልጣን ሲጠይቅ «አይደለም» ብሎ ማሳፈር ነውር ነው። አስተርጓሚ አልነበረም፤ ክቡርነትዎ ግን አልተቸገሩም።

«መኪናውን ወስደሃል?»

«አዎ፣ አለቃ።»

«ሳታስፈቅድ?»

«አዎ፣ አለቃ።»

«ልትሰርቅ አስበህ?»

«አዎ፣ አለቃ።»

ወደ ከተማው እስር ቤት ሊልኳቸው ብዕርዎን ሲያነሡ ከኋላ የጮኽሁት እኔ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ እዚያ ገብቶ በእግሩ የተመለሰ ሰው አላውቅማ።

፫ኛ. እንድጠይቃቸው ስለፈቀዱልኝ። ልክ እንደ ክቡርነትዎ ኮስተር ብዬ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ያን ሁሉ ዝናብ ያዘነቡት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«አዎ፣ አለቃ» አሉኝ፣ በልጅነቴ ያዘሉኝ ሰው።

«እኚህን ዳኛ የወለዷቸውስ?»

ዞር ብለው እርስዎን ከላይ እስከ ታች አዩዎት፤ ጥቂት አዘኑ፤ ከዚያም «አዎ፣ አለቃ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎም መሳቅዎን አልክድም። ከዚያ በቋንቋችን ብጠይቃቸው፣ ጭቃውንም ገመዱንም በእጃቸው እያሳዩ ሁሉንም ተረኩ፤ ፖሊሱም ፊቱ ቀልቶ ተነሣና «እውነት ነው፤ ታጥባ በሩ ላይ ነው ያገኘኋት» አለ። ላልሠሩት ጥፋት ይቅርታ ሳያስጠይቋቸው በነፃ ስላሰናበቷቸው፣ ቸርነትዎ አይነጥፍ።

፬ኛ. ከእርሳቸው በፊት እዚያው ቆመው «አዎ» እያሉ ወደዚያ እስር ቤት ስለሄዱት ሌሎች። ለዚህ ምስጋና ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

የአውሮፕላንዎን ድምፅ በናፍቆት የምጠባበቅ፣ አክባሪዎ፣ በችሎትዎ ፊት በተሰጠው ቃል መሠረትም የሥጋ እኅትዎ፣

ደልሲ ናምፒጂንፓ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላኩልን አስተርጓሚ ደርሶናል። ከሩቅ ሰሜን ዳርቻ የመጣ የሌላ ነባር ሕዝብ ልጅ፣ እጅግ ጨዋ ሰው ነው፤ ከቋንቋችን ግን አንዲት ቃል አይችልም። ሁላችንም አንድ ብንመስልዎ አንፈርድብዎትም። እያስተማርነው ነው። የጀመርነውም «አይደለም» ከሚለው ቃል ነው።