ሌባው አንቺን መረጠ

ውድ እታለም፣

ልብስ ሰፊዎች የምንጠያየቅበት ድረ ገጽ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያን በከሰሰበት ጉዳይ ትናንት አርባ ጽሑፎችን ለፍርድ ቤት በማስረጃነት አቀረበ። ኩባንያው ያለ ፈቃድ ጠራርጎ ወስዶ ጥያቄ የሚመልስ ማሽኑን አስተምሮባቸዋል የተባሉ ናቸው። ያንቺ አሉበት። የእኔ አንድም የለም።

ሳቂ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ስንት ዓመት እዚያው ስጽፍ ኖሬ፣ ሌባ እንኳ እኔን አልፎ አንቺን መረጠ። እናታችንም ያው ነበረች፤ አዲሱ ጨርቅ ላንቺ ይቆረጣል፣ ሲጠብሽ ለእኔ ይደርሰኛል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ እጅጌ እንዴት እንደሚለካ እኔን ትታ በስልኳ ማሽኑን ጠየቀችው። «እጅጌ ስትለኪ እንደ ተቆጣች አማት እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ» አላት። መቀሱን ጥዬ ወደ ስልኳ ዞርኩ።

«ምነው ደነገጥሽ?»

«ይህን የጻፈችው እህቴ ናት» አልኳት።

«እሷማ ጨዋታ ታውቃለች። አንቺ ስትለኪኝ የምትፈትሺኝ ነው የሚመስለኝ።»

ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ያንን ቃል መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኛ! አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ስንሰፋ፣ አንዷ ደንበኛ ከቀጠሮዋ ዘግይታ አንቺ በሩ ላይ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ትጠብቂያት ነበር። «አማት ተቆጣች» ብዬ በዚያው አቋምሽ ክንድሽን ለካሁት። ቀጥ ባለ ክንድ የተለካ እጅጌ ክርን ሲታጠፍ ለምን እንደሚያጥር የገባን ያን ዕለት ነው። አንቺ ድረ ገጹ ላይ ጻፍሽው። ሰው ሁሉ አመሰገነሽ። እኔም «እንኳን ደስ አለሽ» አልኩ፣ ከአንገት በላይ።

ዛሬ የድረ ገጹ ጠበቃ ደወሉ። ኩባንያው «ይህ የአማት ነገር ማንም የሚለው ተራ ቀልድ ነው» ብሏል አሉ።

«አብራችሁ ሠርታችኋል። የእህትሽ የራሷ ቃል መሆኑን ትመሰክሪያለሽ?»

«እምቢ ብልስ?»

«ዋናው ማስረጃችን እሱ ነው፤ ከወደቀ ክሱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል።»

ያንቺ ነው ብል በመሐላ እዋሻለሁ፤ የእኔ ነው ብል ደግሞ «እነሱም እርስ በርስ ይሰራረቃሉ» ተብሎ የሰፊው ሁሉ ልፋት መሳቂያ ይሆናል። የሚያበግነኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሱቅሽን ሌላ ከተማ ከከፈትሽ ወዲህ ለእኔ ጨዋታሽ ጠፍቷል፤ ያ ማሽን ግን ለማንም መንገደኛ ባንቺ አንደበት ሲጫወት ይውላል።

ደውዪልኝ። ያን ዕለት «አማት» ያልኩሽ እኔ መሆኔን ካስታወስሽ ንገሪኝ፤ ከረሳሽውም ንገሪኝ። እኔ ገና አልወሰንኩም። ምስክሮች የሚሰሙት ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ታናሽሽ