ሸራው ላይ የቀረችው በቀቀን

ረቡዕ፣ ከጎተራው ሰፈር

ለእትዬ፣ ለአንዲት እህቴ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝሽ ያ ሳል ዘንድሮስ ምሮሻል? ዳሌሽ ደረጃውን ያስወጣሻል ወይስ አሁንም በልመና ነው? ያ ነዝናዛ ጎረቤትሽስ የዛፍሽን ቅጠል እየለቀመ ወደ ግቢሽ መወርወሩን ተወልሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ካየሽው አልሰከርኩም፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍልሽ ነው። ጉልበቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ለራሱም አይሆን።

ከገና ወዲህ አንዲት መስመር እንዳልጻፍኩልሽ አውቃለሁ። ብትቆጪ መብትሽ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀባሁልህ፣ መስኮቱ ባሕሩን ያያል፣ ክረምቱ ሳይወጣ ጓዝህን ጠቅልለህ ና ያልሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልመጣ ነበር። ለአለቃዬ ለባሪም ነግሬው፣ እሱም እሺ ብሎኝ ነበር። ደክሞኛል እትዬ። ተኝተሽ የምትገላገዪው ዓይነት ድካም አይደለም፤ ጠዋት ስነሳ ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል።

ሥራዬ ያው ነው። ከጎተራው የተረፈው ስንዴ ሜዳ ላይ ተከምሮ ሸራ ይለብሳል። ነጫጮቹ በቀቀኖች በመንጋ ይመጡና ሸራውን በመንቆራቸው ይተለትሉታል። እኔ በዚያ ድምፅ እንጂ ጥይት በሌለው የጋዝ መድፍ አስደንግጬ አባርራቸዋለሁ። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እኔም ደግሜ አባርራለሁ። ዕድሜውን ወፍ እሽ ሲል የጨረሰ ሰው ምን ይባላል? እዚህ ማስፈራርቾው ኖርም ይሉኛል፤ እኔም ለምጄው ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ መድፉን ተኮስኩ። መንጋው በሙሉ እየጮኸ ተነሣ፤ አንዷ ግን ቀረች። ሸራው ጫፍ ላይ ቢጫ ቁንጮዋን አቁማ እንደ ሹም ወዲያ ወዲህ ትላለች። ደግሜ ተኮስኩ። ንቅንቅ አላለችም። ቀና ብላ አየችኝና በደከመ የሴት ድምፅ፣ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም አለችኝ። ወይ ጉድ! እኔ ሞኙ ከክምሩ ጀርባ ሴት ያለች መስሎኝ ዞሬ ፈልጌያለሁ እኮ። ኧረ ማነው፣ ወድቀው ነው ወይ እያልኩ ስጣራ የመኪና ሚዛን ላይ የሚሠሩት ልጆች አይተውኝ ሲንከተከቱ ዋሉ።

በመጨረሻ እጄን ዘረጋሁላት። ትከሻዬ ላይ ወጣች፣ ጆሮዬን ነክሳ አደማችው፣ እዚያው ተመቻችታ ተቀመጠች። የዱር ወፍ እንዲህ አያደርግም። ከሰው ቤት ያመለጠች ናት ብዬ ይዣት ገባሁ።

ስለ ጠባይዋ ምን ብዬ ልንገርሽ። የለየላት ዱርዬ ናት። የመስኮቱን እንጨት በላች፣ የሬዲዮኑን ቁልፍ ነቅላ ጣለች፣ ያለኝን አንድ ወንበር ክንዱን ቆረጣጥማ ጨረሰች። ሱፍ ስሰጣት ቅርፊቱን አልጋዬ ላይ ትተፋለች። ግን ከሥራ ስመለስ፣ ገና በሩን ሳልከፍት፣ ያ ድምፅ ይቀበለኛል። ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም። እኔም ኮቴን እየሰቀልኩ፣ እሱስ ጥሩ ነው፣ ደህና መሆንሽን ሰማን፣ ወንበሬንስ ለምን በላሽው እላታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወሬ ለመድን።

አትሳቂብኝ። በዚህ ዕድሜዬ መልኳን አይቻት የማላውቅ ሴት ድምፅ ይናፍቀኝ ጀመር። የቆርቆሮ ባቄላዬን እያሞቅሁ፣ ይቺ ሴት ማን ትሆን? ለማን ነው እንዲህ የምትለው? ደህና የሆነ ሰው ይህን ያህል ደህና ነኝ አይልም እኮ እያልኩ አስባለሁ። ጠዋት ስወጣ ደግሞ፣ ያ የበላችው መስኮት እንደማይገጥም ስለማውቅ፣ አትሂጂ፣ እሺ፣ አትሂጂ ብያት ነው የምወጣው። አይገርምሽም? ቀኑን ሙሉ መንጋውን ሂዱልኝ፣ ጥፉልኝ እያልኩ ስጮህ እውላለሁ፣ ቤቴ ግን አንዷን አትሂጂ ብዬ እለምናለሁ። ይህን ቃሌን መልሳ ስትለው ሰምቻት አላውቅም። ጆሮም የሰጠችኝ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ሱፍ ልገዛ ዳፍኒ ሱቅ ስገባ፣ አንተ ሰውዬ፣ ያቺ የሰው ወፍ ናት፣ ለምን አትለጥፍም? ብላ ሰው ፊት አፋጠጠችኝ። ደንቡን አልረሳሽውም መቼም። የጠፋ በቀቀን ያገኘ ሰው መስኮቷ ላይ ይለጥፋል፤ ወፉ የሚናገረውን ግን አይጽፍም። የኔ ናት የሚል መጥቶ ቃሉን ይናገራል። ከገጠመ ወፉን ይዞ ይሄዳል፣ ካልገጠመ በመጣበት ይመለሳል። ነጭ ላባና ቢጫ ቁንጮ ሁሉም አላቸው፣ ቃሉ ግን ከቤት ቤት ይለያያል።

ሳልወድ በግዴ ለጠፍኩ። ባሪ ሲያየው፣ ማስፈራርቾው ጉድ ሠራን፣ ነጭ የለበሰች ሙሽራ ደብቆ ኖሯል ብሎ መጠጥ ቤቱን ሙሉ አሳቀብኝ። መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ የኔዋ ስድ ናት፣ እናት አባት አትልም አለ። ቤቴ ገብታ አንድም ስድብ አልወጣትም ብዬ ሸኘሁት። ቀጥላ ልጆቿን አስከትላ የመጣች ሴት የልደት ዘፈን ትዘፍናለች አለችኝ። ልጆቹ አንጀቴን በሉኝ፣ ግን ቃሉ አልገጠመም። አልዋሽሽም እትዬ፣ በሩን ዘግቼ ስመለስ ደስ ይለኝ ነበር። ሱፉን በእፍኝ እጨምርላት ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ቴልማ መጣች። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ በእኛ ዕድሜ የምትሆን ሴት። ለጥርስ ሐኪም ስትመጣ ነው ማስታወቂያውን ያየችው። በሩን ስከፍትላት፣ ይቅርታ፣ ስለ ወፏ ነበር አለችኝ። ድምፁ ነው። ብርዱን ሙሉ ሳዳምጠው የከረምኩት ድምፅ ካፖርት ለብሶ ደጃፌ ላይ ቆሟል።

ይግቡ አልኳት። ያቺን አንድ ወንበሬን ሰጥቻት እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ንግሥት ነው ስሟ፣ መስኮት ስጠርግ አመለጠችኝ አለች። ንግሥት ተብዬዋ ጀርባዋን ሰጥታን እንጨቷን ትቆረጥማለች። አኩርፋለች። ምን ብላ ትናገራለች ብዬ ጠየቅኋት። ማነው ቆንጆ ትላለች አለች። አልገጠመም። ባለቤቴ ያስተማራትን ፉጨት ታፏጫለች አለችና አፏጨችላት። ወፏ ዞር ብላም አላየቻት። የጎረቤቴን ውሻ ታስመስላለች አለች። ውሻም የለ።

እንግዲህ ፍረጂኝ። ጆሮዬ የሷ ናት ይለኛል። ደንቡ አይደለችም ይላል። ሆዴ ደግሞ አንተ ምን አገባህ፣ ደንቡን ያዝ ይለኛል። ወፏን ብሰጣት ወደዚያ ዝም ያለ ቤት ተመልሼ ልገባ ነው፤ ብከለክላት ይህን ድምፅ በየቀኑ ሰምቼ ባለቤቱን ከደጄ አባረርኩ ማለት ነው። እሷም ጠብቃ ጠብቃ ቦርሳዋን አነሣች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ድካም ብቻ ነው። አዝናለሁ፣ አልገጠመም አልኳት። እሷም ካፖርቷን እየቆለፈች፣ ኧረ ግድ የለም፣ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም አለችኝ።

እትዬ፣ ባልዲው ላይ ደርቄ ቀረሁ። በሩ ላይ ስትደርስ፣ ቆይ፣ ይቁሙ፣ ገጥሟል አልኳት። ምኑ? አለች። አሁን ያሉት፣ ወፏ እሱን ብቻ ነው የምትለው አልኳት። የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። እኔ እኮ ያንን አላስተማርኳትም አለች። ከዚያ ወደ ወፏ ዞራ፣ የእሷ ቦታ ስልኩ አጠገብ ነበር አለችኝ። ልጆቿ ሩቅ ናቸው፤ ሲደውሉ የምትላቸው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ብዙ አልተነገረም፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ፉጨቱንም ማነው ቆንጆውንም ረስታ ይቺን ብቻ ይዛብኝ የወጣችው አለች። ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ መች አውቃለሁ፤ ሻይ አፈላሁላት። ስኳሩን ረሳሁት፣ እሷም ዝም ብላ ጠጣችው።

ወፏን ራሴ ቴልማ ባመጣችው የሽቦ ቤት ውስጥ አስገብቼ እስከ መኪናው ተሸከምኩላት። የኋላ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ሱፉንም ሰጠኋት፣ ምን ያደርግልኛል። ቻው ተባባልን። ቴልማ የመኪናውን በር ልትዘጋ ስትል ያቺ ዱርዬ ቁንጮዋን አቆመችና በእኔው ድምፅ፣ በዚህ በጎርናና ድምፄ፣ አትሂጂ፣ እሺ፣ አትሂጂ አለች። ልመናዬን ሳታስቀር ነው የቀዳችው። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ቴልማ ቀስ ብላ ዞረች። ይሄንንስ ማነው ያስተማራት? አለችኝ። ለወፏ ነው የምለው አልኳት። ለወፏ ብቻ? አለች። ጫማዬን አየሁ። ያኔ ሳቀች። ያ ድምፅ ሲስቅ መስማቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወፏ ሳቅ ይዛ አልመጣችማ።

ሄደች ግን። ምን ታድርግ፣ ቤት አላት። እኔም ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቤቱም ጭጭ አለ። ሥራ ላይ መንጋው ሲመጣ መድፉን መተኮስ እያስጠላኝ፣ ምናልባት አንዷ ትቀር እንደሆነ ብዬ ሳይ እውላለሁ። በቃኝ አልኩ። እመጣለሁ ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት ገዛሁ፤ ይኸው ይሄ ነው ወረቀቱ። እሑድ ቀን ቁጭ ብዬ ለእትዬ ብዬ ሳልጨርስ መኪናዋ ደጄ ቆመ። ወፏን ታቅፋ ወረደችና፣ እኔ ከዚያ ቤት የት ልሄድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አትሂጂ እያለች አላስቀምጥ አለችኝ፤ ያስተማርካት አንተ ነህ፣ አንተው ምከራት ብላ ተቆጣችኝ። እየተቆጣች ግን የስኮን ዳቦ ጋግራ ይዛ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ትመጣ ጀመር። ወፏ እንዳትናፍቅ ነው እንባባላለን። ባሪና ዳፍኒም የሚሉትን ይላሉ። ባለፈው፣ ቆይ አንተ ሰው፣ እስከ መቼ ነው ባልዲ ላይ የምትቀመጠው? አለችኝ። እንግዳ እስካለ ድረስ አልኳት። እንግዳ ነኝ እንዴ? አለችኝ። እንደ ልማዴ ሻይ አፈላሁ።

አሁን የጻፍኩትን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም ብዬሻለሁ። እጄ ለምዶት ነው። ደህና አልነበርኩም እትዬ፣ ቆይቷል። ከዚያ ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አየኋቸው። ሁለቱም ላይ ያቺው ቃል አለች፣ አንደኛው ላይ እንዲያውም ሁለት ጊዜ። ክፍሉን ለእኔ ብለሽ ያስቀባሽው መስሎኝ ነበር እኮ። ጅል ወንድም ነው ያለሽ።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ራስል ስንዴውን ወደባችሁ ላይ አራግፎ ሲመለስ መኪናው ባዶ ነው። የእናታችንን የማድ ቤት ወንበር እንድትጭኚለት ላስቸግርሽ ነው የተነሣሁት። ክንድ ከሌላቸው ከሁለቱ አንዱን፤ ክንድ ያለው እዚህ ቤት ዕድሜ የለውም። አንዱን ብቻ ልልሽ ነበር፣ አሁን ሳስበው ሁለቱንም ጫኚለት። ከራስል ጎን ያለው ቦታም ባዶ ነው። ወሬኛ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ዳሌሽን አያንገላታብሽም። የሳል መድኃኒትሽን አትርሺ።

ምድጃሽ አይጥፋ፣ ባሕሩ ረጋ ብሎ ያሳድርሽ። መንገዱን ያቅናልሽ።

የማይረባው ታናሽ ወንድምሽ

ግርጌው ላይ ያለው ቀዳዳ የንግሥት ነው፤ ስጽፍ ወረቀቱን ነክሳብኝ ነው። ቴልማም ከወንበሩ ላይ ሰላም በልልኝ ብላኛለች።